በችክችካ የሚሄድ ዜማ በኪቦርድ ወደ ኖታ ሲገባ ለምን ይበታተናል?

የሐዋሳ ዘማሪት

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። ለመዘምራን ቡድናችን በአራት ድምፅ የሚዘመር ዜማ በኖታ እያዘጋጀሁ ነው። ያለኝ ባለ 61 ቁልፍ የያማሃ ኪቦርድ፣ አንድ ላፕቶፕና ሚዩዝስኮር 4 የሚባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ኪቦርዱን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቼዋለሁ፤ ቁልፍ ስጫን ኖታው በገጹ ላይ ይታያል። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው።

የቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዜማው በ6/8 የሚሄድ ችክችካ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል በትዝታ፣ መካከለኛው በአምባሰል ቅኝት ነው። በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ) እየተመራሁ በቀጥታ ስጫወት፣ ረጅምና አጭር አድርጌ የመታሁት ዜማ በቅስት የተሳሰሩ ቁርጥራጭ ኖታዎች ሆኖ ይወጣል። በመካከላቸውም ያልተጫወትኩት እረፍት ይገባል። ዘማሪዎቼ ኖታ ማንበብ የጀመሩት በቅርቡ ነው፤ እንዲህ ያለ ገጽ ፊታቸው ባስቀምጥ ተስፋ ይቆርጣሉ። አምባሰሉ ላይ ደግሞ ሬ ፍላት መሆን ያለበት ዶ ሻርፕ እየሆነ ይጻፋል። ሌላው ጥያቄዬ ግጥሙን ነው፤ በአማርኛ ከኖታው ሥር ማስገባት እፈልጋለሁ።

በመዳፊት እየጠቆምኩ አንድ በአንድ ማስገባቱን እችላለሁ፤ ነገር ግን ኪቦርድ አጠገቤ ተቀምጦ ኖታ በመዳፊት መልቀሙ አልዋጥልህ አለኝ። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

---

የኖታ መምህር

እህቴ፣ ኪቦርድሽም ኮምፒውተርሽም ጤነኛ ናቸው። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ምን እንደሆነ ካየሽ ግን ሁለቱም ችግሮችሽ ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዱ ይገባሻል።

ሚዲ የሚባለው መገናኛ እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ሲሆን የታሰበው የአንዱ ፋብሪካ መሣሪያ የሌላውን እንዲያዝዝ ነበር፤ ኖታ መጻፍ የተሠራበት ዋና ዓላማ አልነበረም። በገመዱ ውስጥ ድምፅ አያልፍም፤ የሚያልፈው ቁጥር ነው። መካከለኛውን ዶ ስትጫኚ «ቁልፍ 60 ተጫነ፣ ኃይሉ ይህን ያህል» የሚል መልእክት ይሄዳል። ኃይሉ እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ይገለጻል። ስትለቂው «ቁልፍ 60 ተለቀቀ» የሚል ይከተላል። በቃ። ሩብ ኖታ ይሁን ስምንተኛ፣ ባሩ የት ይጀምር፣ ጥቁሩ ቁልፍ ዶ ሻርፕ ይሁን ሬ ፍላት በመልእክቱ ውስጥ የለም። ኪቦርዱ ያልነገረውን ሁሉ ፕሮግራሙ ይገምታል። ገጹ ላይ ያየሽው ግምቱን ነው።

በሜትሮኖም የሚሠራው ዘዴ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ግትር ነው። አስቀድሞ በተመረጠው የኖታ ርዝመት እየቆጠረ ይራመዳል። አሥራ ስድስተኛ ከተመረጠ በአሥራ ስድስተኛ ይሄዳል፤ ቁልፉን ረዘም አድርገሽ ከያዝሽው ያንኑ ትንሽ ኖታ በቅስት እያሰረ ይደረድራል። ጣትሽ ከቁልፉ ቀደም ብሎ ከተነሣ እረፍት ይጽፋል። ሰው ሲጫወት ጣቱ ከምቱ ጥቂት መቅደሙና መዘግየቱ አይቀርም፤ የችክችካው ለዛም ከዚያው ይመነጫል። ፕሮግራሙ ግን ለዛውን እንደ ርዝመት ልዩነት ይቆጥረዋል።

የምመክርሽ ደረጃ በደረጃ ማስገባትን ነው። ርዝመቱን አንቺ በቁጥር ትናገሪያለሽ፣ ድምፁን ኪቦርዱ ይናገራል፤ ሁለቱም የሚያውቁትን ብቻ ይሠራሉ። በሚዩዝስኮር የመጀመሪያውን ባር መርጠሽ የ«ኤን» ፊደልን ተጫኚ፤ ወደ ኖታ ማስገቢያ ትገቢያለሽ። ከዚያ ግራ እጅሽን በኮምፒውተሩ የቁጥር ቁልፎች ላይ፣ ቀኝ እጅሽን በኪቦርዱ ላይ አድርጊ። 5 ሩብ ነው፣ 4 ስምንተኛ፣ 3 አሥራ ስድስተኛ፣ 6 ግማሽ፣ 7 ሙሉ። ነጥብ ያለበት ኖታ ስትፈልጊ የነጥብ ቁልፉን ከቁጥሩ በኋላ ንኪ። እረፍት በ0 ይገባል፤ ቅስት ማሰሪያው በ«ቲ» ነው።

አንድ የችክችካ ባር እንሞክር፤ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር። 5 ብለሽ ላ ንኪ፣ 4 ብለሽ ሶል፣ 5 ብለሽ ሚ፣ 4 ብለሽ ሬ። ስድስቱ ስምንተኛ ሞላ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ወደሚቀጥለው ባር ያልፋል። ቁልፉን ለአንድ አፍታም ብትነኪው፣ ይዘሽው ብትቆይም የሚጻፈው ያው ነው። ሜትሮኖም የለም፣ ጥድፊያ የለም። ሁለትና ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ከነካሽ በአንድ ግንድ ላይ ይደረደራል።

አሁን የባለ አራት ድምፅ ሥራ የሚያቀልልሽን ነገር ልንገርሽ። በመዝሙር ውስጥ አራቱ ድምፆች ብዙውን ጊዜ አንድ ሪትም ይዘው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን መስመር ስጪና ሶፕራኖውን ብቻ በጥንቃቄ አስገቢ። ከዚያ ሙሉውን ቀድተሽ በአልቶው፣ በቴኖሩና በባሱ መስመር ላይ ለጥፊው። በማስገቢያው የእርሳስ ምልክት ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትከፍቺ የተጻፉ ኖታዎችን ድምፅ ብቻ የሚቀይር ዘዴ ታገኛለሽ። እሱን መርጠሽ የአልቶውን ዜማ በኪቦርድ ተጫወቺ፤ ሪትሙ እንደተቀመጠ ይቀራል፣ ኖታዎቹ ብቻ ወደ አዲሱ ድምፅ ይዛወራሉ። በዚህ ጊዜ ቁጥር መንካት እንኳ አያስፈልግሽም፤ በወደድሽው ፍጥነት ትጫወቻለሽ። አልቶው ረዝሞ ሶፕራኖው የሚንቀሳቀስበት ባር ካለ እሱን ብቻ በኋላ በእጅ ታስተካክያለሽ።

---

የስቱዲዮ ሰው

መምህር፣ በአክብሮት ልለይ። ያሉት ለመዝሙር መጽሐፍ ይሠራል። እኔ ግን የምሠራው ለባንድ ነው፤ የሁለት እጅ የኪቦርድ አጀብ፣ የባስ መስመር፣ የብራስ ምላሽ ያለበት ቅንብር በቁጥር እየነካኩ ማስገባት ሐሳቡ እንዲያመልጥ ያደርጋል። እጄ ላይ የመጣው ነገር ትኩስ እያለ መቅረጽ አለብኝ። በቀጥታ መጫወትን ጨርሶ መተው አይገባም፤ ቦታው ግን የኖታ ፕሮግራሙ አይደለም። በመቅረጫ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ በኩቤዝ፣ በሎጂክ ወይም በሪፐር ይቀረጽ፤ እዚያው ይስተካከል፤ ከዚያ የሚዲ ፋይል ሆኖ ወደ ኖታው ይግባ።

ለእህታችን ሦስት ነገሮች ልጠቁም፤ በየቅንብሩ የማያቸው ስለሆኑ ነው።

ከሁሉም በፊት የምት ልኩ። መቅረጫ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ 4/4 ይዘው ነው የሚከፈቱት። ችክችካን በ4/4 ብትቀርጪው ለጆሮ ምንም ልዩነት የለውም፤ ሜትሮኖሙም ይገጥማል። ወደ ኖታ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ምት በላዩ 3 የተጻፈበት የሦስትዮሽ ቡድን ይሆናል፤ ገጹም ከዳር እስከ ዳር በ3 ይሞላል። ከመቅረጽሽ በፊት 6/8 ወይም 12/8 አድርጊው። ማስተካከያውንም፣ ማለትም ኖታዎቹን ወደ ምቱ የሚያጠጋውን፣ በስምንተኛ ላይ አቁሚው፤ አሥራ ስድስተኛ ያለበት ጌጥ ካለ ያንን ባር ለይተሽ አስተካክይ።

ፔዳሉን አትርገጪ። ፔዳል ተረግጦ ሲቀረጽ አንዳንድ ፕሮግራም የኖታውን ርዝመት እስከ ፔዳሉ መነሣት ይጎትተዋል፤ ከዚያ የሚገኘው ገጽ አይነበብም።

የኪቦርዱን የራስ ሰር አጀብ ዝጊው። ሚዲ 16 ቻናሎች አሉት፤ ብዙ ኪቦርዶች ከበሮውን፣ ባሱንና ጊታሩን በሌሎቹ ቻናሎች አብረው ይልኩታል። አንቺ የተጫወትሽው አንድ ዜማ ሆኖ ሳለ ገጹ ላይ አንድ ባንድ ሙሉ ሲመጣ ትደነግጫለሽ።

ፋይሉን ሚዩዝስኮር ውስጥ ከመክፈትሽ በፊት ደግሞ ፕሮግራሙ በምርጫዎቹ ውስጥ አጭሩ የኖታ ርዝመት ምን እንደሆነ እንድትወስኚ ዕድል ይሰጥሻል። ስምንተኛ በይው፤ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ያጠጋጋዋል።

---

የኖታ መምህር

የስቱዲዮ ሰው ያነሣው የ6/8 ጉዳይ ወርቅ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚደናቀፈው እዚያ ላይ ነው። ሐሳብን ትኩስ እያለ ለመያዝ መቅረጽ እንደሚሻልም እስማማለሁ።

የማልስማማው የተስተካከለ ቅጂ የተስተካከለ ኖታ ይሆናል የሚለው ላይ ነው። ማስተካከያው የኖታውን መጀመሪያ በመስመር ላይ ያቆመዋል፤ አንባቢው ምቱን በዓይኑ እንዲያይ አድርጎ ማሰባሰብ ግን አያውቅም። በ6/8 ውስጥ ባሩ ለሁለት እኩል መከፈሉ መታየት አለበት፤ ሦስት ስምንተኛ፣ ሦስት ስምንተኛ። ከሦስተኛው ስምንተኛ ተነሥቶ መካከሉን አልፎ የሚሄድ ኖታ ካለ በቅስት ተከፍሎ መጻፍ ይገባዋል። አለበለዚያ ዘማሪዋ ሁለተኛው ምት የት እንደወደቀ ለማወቅ ቆም ብላ መቁጠር ይኖርባታል፤ ቆማ ስትቆጥር መዝሙሩ አልፏታል።

ሌላው የትዝታ ጌጥ ነው። ድምፃዊው ከላ ወደ ሶል ሲወርድ በመካከሉ የሚያንቀጠቅጣቸው ድምፆች አሉ። በቀጥታ ስትጫወቺ እነዚህ ሁሉ እንደ ዋና ኖታ ይጻፋሉ። በእኔ እምነት ለመዘምራን የሚሰጥ ገጽ የዜማውን አጥንት ይያዝ፤ ጌጡ በትንንሽ የጌጥ ኖታ ይጻፍ፣ ወይም በልምምድ ጊዜ በአፍ ይሰጥ። ኖታው የሚጻፈው ለሚያነበው ሰው ነው። እኔ ተማሪዎቼን አንድ ገጽ ከማተማቸው በፊት ለማያውቀው ሰው ሰጥተው እንዲያስነብቡት አደርጋለሁ፤ አንባቢው የሚሰናከልበት ቦታ ሁልጊዜ የአጻጻፍ ጉድለት ያለበት ቦታ ነው።

---

የሜሪላንዷ

ሰላም ለሁላችሁ። የዶ ሻርፕና የሬ ፍላቱን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ እዚህ በአሜሪካ ለምናገለግልበት መዘምራን ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ብዙ ታግያለሁ።

ቁጥር 61 ሲደርሰው ፕሮግራሙ ስሙን የሚወስነው በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን የቁልፍ ምልክት፣ ማለትም የትኞቹ ኖታዎች ሻርፕ ወይም ፍላት እንደሆኑ የሚያሳየውን፣ አይቶ ነው። ምልክት የሌለው ዶ ሜጀር ላይ ከሆንሽ ሬ ፍላት እንደምትፈልጊ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አምባሰልን ከዶ ስንነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ስለዚህ መካከለኛው ክፍል በሚጀምርበት ባር ላይ ባለ አራት ፍላት የቁልፍ ምልክት አስቀምጪ፤ ሲ፣ ሚ፣ ላ እና ሬ ፍላት ይሆናሉ። ሲና ሚ በቅኝቱ ውስጥ ስለሌሉ በምልክቱ ውስጥ መኖራቸው ዜማውን አይጎዳውም። ከዚያ በኋላ የምትጫኚው ጥቁር ቁልፍ ሁሉ በትክክለኛ ስሙ ይጻፋል። ወደ ትዝታው ስትመለሺ ምልክቱን መልሰሽ ቀይሪ። ትዝታሽ ዝቅ ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት የሚሄደው ከሆነ፣ ባለ ሦስት ፍላቱ ምልክት ይበቃሻል።

አስቸጋሪው አንቺሆዬ ነው፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ሬና ሶል ፍላት ሆነው ላ ተፈጥሯዊ የሚሆንበት የተለመደ የቁልፍ ምልክት የለም። ባለ አምስት ፍላቱን ብትወስጂ በእያንዳንዱ ላ ፊት የተፈጥሮ ምልክት ይደረደራል። ሚዩዝስኮር የራስሽን የቁልፍ ምልክት እንድትሠሪ ይፈቅዳል፤ ሬ እና ሶል ላይ ብቻ ፍላት አድርገሽ ማዘጋጀት ትችያለሽ። ዘማሪዎቹ መጀመሪያ ሲያዩት ግር ይላቸው ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ከተብራራላቸው በኋላ ግን ቅኝቱን ከምልክቱ ላይ ማንበብ ይጀምራሉ። ይህን በጣም እወደዋለሁ፤ አንቺሆዬ የራሱ መልክ ያለው ቅኝት ነው፣ በገጹም ላይ የራሱን መልክ ይዞ መታየት ይገባዋል።

በስህተት የተሰየመ ኖታ ሲያጋጥምሽ ኖታውን መርጠሽ የ«ጄ» ፊደልን ንኪ፤ ድምፁ ሳይቀየር ስሙ ይቀየራል።

ፊናሌ የለመዳችሁ ካላችሁ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፊናሌ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የኖታ ፕሮግራም ሲሆን ኩባንያው ነሐሴ 2024 ላይ ማሳደጉን እንዳቆመ አስታውቋል። ፕሮግራሙ እየተከፈተ እያለ የድሮ ፋይሎቻችሁን ሁሉ በሚዩዚክ ኤክስኤምኤል አውጧቸው። ይህ ቅርጸት የመጀመሪያ እትሙ በ2004 የወጣ ሲሆን ሲቤሊየስም፣ ዶሪኮም፣ ሚዩዝስኮርም ያነቡታል። በሚዲ ፋይል ብታወጧቸው ግን መምህር እንዳሉት የሚተርፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ ፍላቱ፣ የቅስቱ አቀማመጥ፣ ግጥሙ በአብዛኛው ይጠፋል። ለዓመታት የተለቀመ የመዘምራን ኖታ እንዲህ ሲበተን ማየት ያሳዝናል።

ፕሮግራም ስትቀይሩ ቁጥሮቹም እንደሚለዋወጡ እወቁ። ሩብ ኖታ በሚዩዝስኮርና በፊናሌ ፈጣን ማስገቢያ 5 ነው፣ በዶሪኮ 6፣ በሲቤሊየስ በቀኝ በኩል ባለው የቁጥር ሰሌዳ 4። የፊናሌ ፈጣን ማስገቢያ አሠራሩም ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የኪቦርዱ ቁልፍ ይያዛል፣ ከዚያ ቁጥሩ ይነካል። እጅ የለመደውን ለመተው ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል።

---

ክራር ደርዳሪ

እኔ የምጨምረው አጭር ነው፤ የአገራችን ኪቦርድ ተጫዋች ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ድምፃዊው ከፍ ወይም ዝቅ ይበልልኝ ሲል አብዛኞቻችን የኪቦርዱን ትራንስፖዝ ቁልፍ ነክተን በለመድነው ጣት እንቀጥላለን። ብዙ ኪቦርድ በገመዱ የሚልከው የተነካውን ቁልፍ ሳይሆን ከተቀየረ በኋላ ያለውን ቁጥር ነው። ጣታችሁ ዶ ላይ ነው፣ ገጹ ላይ የሚጻፈው ሬ ነው። ማስገባት ከመጀመራችሁ በፊት ትራንስፖዙ ዜሮ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ኦክታቭ መቀየሪያውንም እንዲሁ። ቶኑን መቀየር ከፈለጋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ፕሮግራሙ ውስጥ ቀይሩት፤ የቁልፍ ምልክቱን አብሮ ያስተካክልላችኋል።

በተጨማሪም አንዳንድ ኪቦርዶች የየቁልፉን ድምፅ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አላቸው። ለክራርና ለማሲንቆ የሚቀርብ ቅኝት ለማግኘት ብዙዎቻችን እንጠቀምበታለን። በጆሮ ትሰሙታላችሁ፤ ኖታው ላይ ግን ምንም አይደርስም፤ የቁልፉ ቁጥር አልተቀየረምና። ድምፅ ማጠፊያው ጎማም እንዲሁ ነው። ማሲንቆው ከፍ ብሎ የሚይዘውን ድምፅ ገጹ እንዲያሳይ ከፈለጋችሁ ከፕሮግራሙ የምልክት ሳጥን ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ቀስት ያለባቸውን ፍላትና ሻርፖች አንሥታችሁ በእጅ ማስቀመጥ ይኖርባችኋል። ተቋቁሞ ለሠራው ሰው ደስ የሚል ውጤት አለው፤ ማሲንቆ በፒያኖ ልክ ተጠርቦ ሲጻፍ ግን ቅር ይለኛል።

---

ፊደል ወዳድ

የግጥሙን ነገር ማንም አልነካውም፤ እኔ ልግባበት።

የመጀመሪያውን ኖታ መርጠው ኮንትሮልና «ኤል» ሲጫኑ መጻፊያው ከኖታው ሥር ይከፈታል። በቃላት መካከል የባዶ ቦታ ቁልፍ፣ በአንድ ቃል ውስጥ ሰረዝ እየነኩ ወደሚቀጥለው ኖታ ይሄዳሉ። አንድ ድምፅ በብዙ ኖታ ላይ ሲንሳፈፍ የሥር መስመር ምልክቱን ይጠቀማሉ። የግዕዝ ፊደል መጻፊያው ኮምፒውተርዎ ላይ ከተጫነ በቀጥታ ይጻፋል፤ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ከታየ ለግጥሙ እንደ አቢሲኒካ ወይም ኒያላ ያለ የግዕዝ ቅርጽ መምረጥ ነው። ግጥሙን ሌላ ቦታ ላይ በሰረዝ ከፋፍለው ጽፈው መቅዳትም ይቻላል፤ በመለጠፊያው ቁልፍ ደጋግመው ሲጫኑ አንድ አንድ ክፍል እየወሰደ ከየኖታው ሥር ያስቀምጣል። ለረጅም መዝሙር የምመርጠው ይህን ነው።

ዋናው ጥንቃቄ አከፋፈሉ ላይ ነው። ፊደላችን እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢ ስለያዘ አንድ ፊደል ለአንድ ኖታ መስጠት ያምራል፤ ሲዘመር ግን አይገጥምም። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ ያርፋል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ የሚዘመረው በሁለት ነው፣ ሰ እና ላም። «ብርሃን» አራት ፊደል ሆኖ በሁለት ይዘመራል፣ ብር እና ሃን። «እግዚአብሔር» ሰባት ፊደል ነው፤ እግ፣ ዚ፣ አብ፣ ሔር ተብሎ በአራት ይያዛል። «ትዝታ» ግን ዝ ጠብቆ ስለሚነበብ ሦስቱም ፊደላት የየራሳቸውን ኖታ ይይዛሉ። ስለዚህ ዓይንን ትተው በአፍ እየዘመሩ መክፈል ነው። ለአራቱም ድምፅ ሪትሙ አንድ ከሆነ ደግሞ የሶፕራኖውን ግጥም ቀድቶ ወደ ሌሎቹ መለጠፍ ይቻላል።

ስለ ያሬዳዊ ዜማ ምልክት ሊጠይቅ ለሚችል ሰውም ላክል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ እና የእነሱ ተጓዳኞች በኮምፒውተር የፊደላት መለያ በዩኒኮድ 4.1 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ የራሳቸው ቦታ ተሰጥቷቸዋል፤ ምልክቶቹ አሥር ናቸው። የኖታ ፕሮግራሞች እንደ ድምፅ አያነቧቸውም፤ ከግጥሙ በላይ እንደ ጽሑፍ ማስቀመጥ ግን ይቻላል። በመስመር ኖታና በምልክቱ ጎን ለጎን የተጻፈ ዜማ ለአጥኚም ለተማሪም ትልቅ ጥቅም አለው፤ ብዙ ሰው ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

---

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ በመካከል ልግባ። የእኔ ኪቦርድ የቆየ ስለሆነ የዩኤስቢ ቀዳዳ የለውም፤ ከኋላው ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ይቻላል ወይስ አዲስ መግዛት አለብኝ?

---

የስቱዲዮ ሰው

አዲስ አትግዛ። እነዚያ ባለ አምስት እግር የሚዲ ቀዳዳዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው አሠራር መሠረት ዛሬም ይሠራሉ። በአንድ ጫፍ ዩኤስቢ፣ በሌላው ሁለት ክብ መሰኪያ ያለው የሚዲ ገመድ ይሸጣል። አንዱ መሰኪያ ከኪቦርዱ «አውት» ቀዳዳ ጋር መያያዝ አለበት፤ መልእክቱ የሚወጣው ከዚያ ነው። የገመዱ ጽሑፍ ሊያደናግር ይችላል፤ ኖታ ካልደረሰልህ ሁለቱን መሰኪያዎች አቀያይራቸው፣ ምንም አይጎዳም። ኪቦርዱን አስቀድመህ አብራ፣ ፕሮግራሙን ከዚያ ክፈት፤ ከምርጫዎች ውስጥም ገመዱ እንደ ሚዲ ማስገቢያ መመረጡን ተመልከት።

ቀጥታ መጫወት ላይ ድምፁ ከጣትህ ዘግይቶ ከመጣ ደግሞ የኪቦርዱን የራሱን ድምፅ ስማ፣ የኮምፒውተሩን ዝጋ። መምህር በሚሉት ደረጃ በደረጃ ለሚያስገባ ሰው መዘግየቱ ጉዳይ አይደለም። ይህን ነጥብ ለእርሳቸው እሰጣለሁ።

---

የሐዋሳ ዘማሪት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሶፕራኖውን በቁጥርና በኪቦርድ አስገብቼ ለሦስቱ ድምፆች ቀዳሁት፤ ድምፅ ብቻ በሚቀይረው ዘዴ አልቶውንና ባሱን ስጫወት ገጹ ዓይኔ እያየ ሲሞላ ደስታዬን መግለጽ ያቅተኛል። ቴኖሩ ከመካከል የራሱ እንቅስቃሴ ስላለው የተወሰኑ ባሮችን ለብቻ ጻፍኳቸው። አምባሰሉ በባለ አራት ፍላት ምልክት ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል፤ እህቴ የሜሪላንዷ፣ በተለይ አመሰግናለሁ። ግጥሙንም በአፌ እየዘመርኩ ከፋፈልኩት።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ። በመካከለኛው ክፍል አንድ ወንድም በአልቶ ሳክስፎን ያጅበናል። የእሱን መስመር በኪቦርድ ሳስገባ የትኛውን ድምፅ ነው መንካት ያለብኝ፣ የሚሰማውን ወይስ እሱ የሚያነበውን? ኪቦርዱ ላይ ዶ የምንለው ለእሱ ላ ነው ይለኛል።

---

የኖታ መምህር

ልክ ብሏል። አልቶ ሳክስፎን የሚ ፍላት መሣሪያ ነው፤ የሚሰማው ድምፅ ከሚነበበው በሜጀር ስድስተኛ ዝቅ ይላል። እናንተ የምትሰሙት ዶ እንዲወጣ እሱ ከዚያ በላይ ያለውን ላ ማንበብ አለበት።

አንቺ ስሌቱ ውስጥ አትግቢ። በሚዩዝስኮር መሣሪያውን ስትጨምሪ አልቶ ሳክስፎን ብለሽ ምረጪ፤ በፒያኖ መስመር ላይ ጽፈሽ ስሙን ብቻ አትቀይሪ፣ ፕሮግራሙ ልዩነቱን የሚያውቀው ከመሣሪያው ነው። ከገጹ ሥር «ኮንሰርት ፒች» የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ከፍተሽ የሚሰማውን ድምፅ በኪቦርድሽ አስገቢ፤ ከመዘምራኑ ጋር አብሮ መስማማቱን በዓይንሽም በጆሮሽም ታረጋግጫለሽ። ስትጨርሺ ቁልፉን ዝጊው፤ መስመሩ ለሳክስፎኑ ወደሚነበበው ድምፅ ይዛወራል። ባለ አራት ፍላቱ አምባሰልም ለእሱ ባለ አንድ ፍላት ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ወንድማችን ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። በኋላ ትራምፔት ወይም ቴኖር ሳክስፎን ብትጨምሪ ሁለቱም የሲ ፍላት መሣሪያዎች ናቸው፤ አሠራሩ ያው ነው።

የእሱን ክፍል ለብቻ ስታወጪ እረፍት ብቻ ያለባቸውን ባሮች በአንድ ረጅም እረፍት ይጠቀልላቸዋል። የትዝታው ክፍል ረጅም ስለሆነ፣ ከመግባቱ በፊት ያለውን የሶፕራኖ የመጨረሻ ሐረግ በትንንሽ ኖታ ከመስመሩ በላይ ጻፊለት፤ ባር ከመቁጠር ይልቅ ዜማውን ሰምቶ ይገባል።

---

የሐዋሳ ዘማሪት

አሁኑኑ እሞክረዋለሁ። ቁልፉን ስከፍትና ስዘጋ መስመሩ ሲቀያየር አየሁት፤ ባለ አንድ ፍላት ሆኗል። የሶፕራኖውን ሐረግ ለመጻፍ የመጨረሻዎቹን ሁለት ባሮች እወስዳለሁ፤ ዜማው ወደ አምባሰል የሚዞረው እዚያ ስለሆነ አይስተውም።